ጀርባዋ ላይ ያለው ስም

ብሩኪን ገና በር ላይ ሳየው አልወደድኩትም። ግባ ሳይባል ጫማውን አወለቀ፤ ሳይቀመጥ «እናቴ» አለኝ። እኔ የወለድኩት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነው። ይሄ ፂሙን እንደ ክር ያቀጠነ ልጅ መቼ እንደተወለደልኝ አላውቅም።

ባለቤቴ ደግነት «አንቺ እኮ መልአክ ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» ይለኛል። አዎ፣ እጠይቃለሁ። ኦክላንድ ኤርፖርት ውስጥ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ካሸር ነኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እጅ ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ያወጡት ሰዎች ሱቅ የነበራቸው ይመስለኛል።

ብሩኪ የመጣው ለልጃችን ለሳሌም ነው። ሳሌም ሳን ሆዜ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ባስኬትቦል ትጫወታለች። ያን ጊዜ የመጨረሻ ዓመቷን መጀመሯ ነበር። ድሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሟ ማስታወቂያ ብትሠራ ትቀጣ ነበር፤ አሁን ሕጉ ተቀይሮ ስማቸውንም መልካቸውንም ለድርጅት ማከራየት ተፈቅዶላቸዋል። ከተፈቀደ ወዲህ በየቡድኑ ዙሪያ ወኪል ነኝ ባይ ፈላ። ብሩኪ አንዱ ነው፤ እዚሁ ኦክላንድ አጠገብ፣ አልባኒ ተወልዶ ያደገ የእኛው ልጅ። አማርኛው ግን ጥርት ያለ ነው፤ ይሄም አስጠረጠረኝ። እዚህ ያደገ ልጅ አማርኛው ሲሰባበር ነው የማምነው።

«እናቴ፣ ሳሌም አንድ ዓመት ትርፍ አላት» አለ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ። «በጉልበቷ ኦፕሬሽን የባከነው ዓመት ይተካላታል። ቴክሳስ ትልቅ ቡድን አግኝቼላታለሁ፤ ትራንስፈር ታደርጋለች። እኔ ደግሞ ቲሸርት፣ መጠጥ፣ ጫማ አመጣላታለሁ። ጀርባዋ ላይ ያለው ስም እኮ ወርቅ ነው! ደግነት! ትርጉሙን ስነግራቸው ፈረንጆቹ አበዱ። ካይንድነስ!»

ባሌ ቀና አለ። ስሙ ሲጠራ ደስ የማይለው ሰው የለም፤ የእሱ ግን በሽታ ነው። እዚህ አገር ማልያ ላይ የሚጻፈው የኋለኛው ስም ነው፤ በእኛ ደግሞ የኋለኛው የአባት ስም ነው። ስለዚህ ሳሌም ስትሮጥ ጀርባዋ ላይ የሚሮጠው ባሌ ነው። አንዴ ሳሌም ኳስ ስትስት አስተዋዋቂው «ደግነት ሚስድ!» ብሎ ሲጮህ፣ ሰውየው ከመቀመጫው ተነስቶ «እኔ ምን አደረግኩ?» ብሎ አዳራሹን አስቆታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ጨዋታ አምልጦት አያውቅም።

«ኮንትራት ነው ወይስ ውይይት?» ብሎ ጠየቀው ብሩኪን።

ደግነት አዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ነበር፤ እዚህም ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ለእሱ የዓለም ነገር ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ይከፈላል። ውይይት ከሆነ ሰው ይገባል ይወጣል፤ ኮንትራት ከሆነ ግን መኪናው ሙሉ በሙሉ የአንድ ተሳፋሪ ነው። ሌላ ሰው አይጫንም፤ ተሳፋሪው ወዳለው መሄድ ነው።

ብሩኪ አልገባውም። እንደገባው ሰው ሳቀ። «ኤክስክሉሲቭ ነው አባቴ። ከእኔ ጋር ብቻ።»

«በለኛ፣ ኮንትራት ነው» አለ ደግነት ወደ እኔ ዞሮ።

ሳሌም ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ወይም ከሁለቱ በተቀየጠ። «ኖ ታንክ ዩ» አለችው። «አይ ኤም ዳን። ጉልበቴ ሁለቴ ተከፍቷል። ፊዚካል ቴራፒ ስኩል ገብቻለሁ፣ ኦገስት እጀምራለሁ። እነሱ ቦታ አይጠብቁም።»

«አንድ ዓመት ብቻ እኮ ነው» አለ ብሩኪ።

«እንደዚያ ነው ለሷም ያሏት» አለች ሳሌም። ማንን ማለቷ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። አብራት የገባች የኢስት ኦክላንድ ልጅ ነበረች፤ ከሳሌም የምትሻል ተጫዋች። አንዱ ወኪል ከዚህ ኮሌጅ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ሲያዘዋውራት የተማረችው ትምህርት በየመንገዱ እየተቆረጠ ቀረ። ዛሬ ኳሱም የለ፣ ዲግሪውም የለ። ፎቶዋ ግን የአንድ መጠጥ ማስታወቂያ ላይ ሆኖ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲስቅ ነበር።

ብሩኪ ከሄደ በኋላ ሳሌም «ማሚ፣ እኛ ጥቁሮቹ ስንሮጥ ኤቭሪባዲ ስማችንን ያውቃል» አለችኝ። «ስንቆምስ?» በረዶውን ቀየርኩላት፤ ልቤ ግን በእሷ ኮራ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው ቆሞ የሚያስብ ወጣ አልኩ።

ደግነት ግን ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የብሩኪን ካርድ አንስቶ ኪሱ ሲከተው አይቻለሁ። አየሁ፣ ግን አልጠረጠርኩም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ገና አለፈ። ጥምቀትም አለፈ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሌክ ሜሪት የሚባለውን ሐይቅ ስዞር፣ የልጅ ጋሪ እየገፋች የምትሮጥ አንዲት ነጭ ሴትዮ ከፊት ለፊቴ መጣች። ደረቷ ላይ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል «ደግነት» ይላል። ባሌን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትሮጣለች!

መንገዷ ላይ ቆምኩ። «ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ይሄን የት ገዛሽው?»

ሴትዮዋ ደስ አላት። ኢንስታግራም ላይ ነው አለች። ልጅቷን ሳን ሆዜ ስትጫወት አይታታለች፤ በጣም ትወዳታለች። «ደግሞ እኮ አላቆመችም! አንድ ዓመት ልትጨምር ነው ተብሏል!» አለችኝ። ፎቶ ላንሳ ብዬ ለመንኳት፤ ፈገግ ብላ ቆመችልኝ።

ደሜ ፈላ። ሳሌም ፈርማለች። እኛ ፊት «ኖ ታንክ ዩ» ብላ፣ ከጀርባችን ፈርማለች። ልጁ አፉ ቅቤ መሆኑን ገና በር ላይ አላየሁም? አሟሽቶ አሟሽቶ አቀለጣት! ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ደግሜ ደወልኩ። ባሏን እንደምትከታተል ሴት መኪናዬን አስነስቼ ሳን ሆዜ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ብቻዬን እያወራሁ ነው የነዳሁት።

ክፍሏ ስደርስ ገና ከሻወር መውጣቷ ነበር። ሰላም እንኳ አላልኳትም።

«ፈርመሻል ወይስ አልፈረምሽም?»

«ዋት? ምኑን?»

«ለብሩኪ!»

«ኖ! ማሚ፣ ምንም አልፈረምኩም።»

«ማርያምን በይ።»

ከልጅነቷ ጀምሮ ማርያምን ብላ ዋሽታኝ አታውቅም፤ እኔም እስከዚያን ቀን በይ ብዬ ያስገደድኳት ለብስኩት ብቻ ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ማርያምን» አለች። «አታምኚኝም፣ ራይት? ሰው አታምኚም፣ እኔንም አታምኚኝም።»

ይሄ ወጋኝ። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከተነሳ በአንድ ማርያምን አይተኛም። ስልኬን አውጥቼ የሴትዮዋን ፎቶ አሳየኋት። ሳሌም እንባዋን ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችኝ፤ ፎቶውን አስፍታ ደረቱን አየች፣ እጅጌውን አየች።

«ቁጥሬ የለም» አለች። «ፎቶዬ የለም። ሳሌም የሚል የለም። ይሄ እኔ አይደለሁም፣ ማሚ።» ከዚያ ቀስ ብላ «ዚስ ኢዝ ዳድ» አለች።

ስልኩ በእጇ ላይ እንዳለ ጨለመ።

ደግነትን ያገኘሁት አፓርታማው ስር መኪናውን ሲያጥብ ነው። ፊቴን እንዳየ ቱቦውን ዘጋ። ሠላሳ ዓመት ከሰው ጋር ሲኖሩ ቱቦ አዘጋጉም ይናገራል።

«ደጌ፣ ስምህን የት አደረስከው?»

ጨርቁን ጨመቀ። እንደገና ጨመቀው፤ ጠብ የሚል ውሃ አልቀረውም። «ስሙ የኔ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ስሙማ ያንተ ነው።»

«እንግዲያውስ! የሸጥኩት የራሴን ነው። የሷን አልነካሁም።»

ከዚያ ተናገረው። ብሩኪ ኤርፖርት፣ ሾፌሮች የሚቆሙበት ድረስ መጥቶለታል። «አባቴ፣ ያ ስም የማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። «የኔ» አለ ደግነት። ብሩኪም፣ «ለፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም ነው እንላቸዋለን፣ እኛ እኛ ግን እንተዋወቃለን። የአባት ስም የአባት ነው። ታዲያ እሷን ማስፈቀድ ለምን ያስፈልጋል?» አለው። እውነት ነው እኮ! አንድ ስንጥር ውሸት የለበትም። ለዚህ ነው ሲውጠው ገንፎው አልጎረብጥ ያለው።

«ኮንትራት ነው ውይይት?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «ኮንትራት።»

«አንድ ዓመት ትጨምራለች ያለውስ ማነው?»

«አሳምናታለሁ አልኩት። ቃል ሰጠሁ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ትምህርት ቤቱን ብድር ሳይበላት እንድትጨርስ ብዬ ነው። እሷ ራሷን እንዳትሸጥ እኔ ራሴን ልሽጥ ብዬ ነው። ወገቤ እስከ መቼ ይነዳል? ደግሞ… ደግሞ ቲሸርቱን ሲያሳየኝ ደስ አለኝ። በቃ፣ ደስ አለኝ ፅጌ። በሰው አገር ስሜን የጠራኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ‹ድራይቨር› ነው የሚለኝ።»

ተናድጄበት ነበር፤ አሁንም ስናገረው እናደዳለሁ። አሳዘነኝም። ከተማውን ሁሉ ስጠረጥር፣ የወለድኳትን ልጅ ማርያምን ሳስብል፣ አጠገቤ የሚተኛውን ሰው አልጠረጠርኩም ነበር።

እዚያው ፊቴ ለሳሌም ደውሎ ነገራት። ምን ትለው ይሆን ብዬ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ። «እሺ አባዬ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሺ ማለት እሺ ነው ወይስ ሰማሁ ነው? በአማርኛ ሁለቱንም ነው፤ ልጅቷ የትኛውን እንደምታውቅ እኔ በምን ልወቅ?

ነገሩ ከዚያ ወዲያ ከቤታችን ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው «እንኳን ደስ ያላችሁ! ሳሌም አንድ ዓመት ልትጨምር ነው አሉ!» እያለ ያቅፈናል። የአስመራው ሽማግሌ ጋሽ ዓንዶም፣ ከከረባታቸው በላይ ያንኑ ቲሸርት ደርበው መጡ። «ደግነት፣ አንተን ለበስኩህ» ብለው ሳቁ። ባሌ በአንድ በኩል ይስቃል፣ በሌላ በኩል ላብ ያጠምቀዋል። ቃሉን የሰጠው ለብሩኪ ብቻ መስሎት ነበር፤ ለካ ለሰው ሁሉ ነው የሰጠው።

ብሩኪ ለእኔም ደወለ። «እናቴ፣ ሲኒየር ናይት ላይ ሳሌም አትወጣም አይደል?»

ሲኒየር ናይት ማለት ከዓመቱ የመጨረሻ የሜዳቸው ጨዋታ በፊት፣ የሚጨርሱት ተጫዋቾች ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሜዳው መሐል እየወጡ የሚሰናበቱበት ነው። የምትቀጥል ልጅ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፤ የምትሰናበት ትወጣለች። ሰው ሁሉ የሚያየው ይሄንን ነው።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

«እናቴ፣ ቢያነጋግሯት…»

«እናትህ አልባኒ ናት» ብዬ ዘጋሁበት።

ጀግና መሰልኩ እንጂ ፈርቼ ነበር። ሳሌምን አውቃታለሁ። አባቷ ጠዋት በጨለማ ሲወጣ ዓይኗን ከፍታ የምትጠብቅ ልጅ ነበረች። የአባቷን ቃል ከምታጥፍ ያን የተሰፋ ጉልበቷን ታጥፋለች ብዬ ሰጋሁ። ጉልበቱ ሦስተኛ ጊዜ ከሄደ ደግሞ ቆማ በሽተኛ የምታሻሽበት ሥራም አብሮ ሄደ። ትምህርት ቤቱም ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። ኮል አድርጊልኝ እያልኩ መልእክት ተውኩላት። «ሲ ዩ አት ዘ ጌም፣ ማሚ» ብቻ ብላ ጻፈችልኝ። ይሄን መልእክት እየደጋገምኩ አነበብኩት፤ ምንም አልወጣውም።

በቀኑ ሳን ሆዜ በጊዜ ደረስን። ደግነት ካፖርቱን ለብሷል፤ ከስር ቲሸርቱን እንደለበሰ አውቄያለሁ፣ ዝም አልኩት። ብሩኪ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ካሜራ ከያዙ ሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጧል። እኛን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ደግነትም ጎንበስ አለለት። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ተሰናባቾቹ ሊጠሩ ሲል አንዲት ወጣት አስተናጋጅ ደረጃውን እየወጣች «የሳሌም ቤተሰብ?» አለች። ደግነት እጄን ጨበጠው። እንዴት እንደወረድን አላስታውስም፤ ልቤ ከእግሬ ቀድሞ ደርሷል። ልትወጣ ነው! ሳሌሜ ልትወጣ ነው! እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ የባሌን ፊት ሳይ ዋጥኩት።

ሳሌም ከመልበሻ ክፍሉ ወጣች። የአባቷን ካፖርት ገለጥ አድርጋ ቲሸርቱን አየች፣ መልሳ ከደነችው። ከዚያ ዞረችልን።

ጀርባዋ ላይ «ሳሌም» ይላል።

ደግነት አፉን ከፈተ። ያቺ ማልያ ለአራት ዓመት የተሸከመችው ስም የለም፤ ቦታው ላይ ያለው ፊደል አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው። አሠልጣኟን ለምና ለዚያች ቀን አስቀይራዋለች። «ስሜ የት ሄደ?» አለ ደግነት፤ ልጅ ነው የመሰለው።

ሳሌም መልሳ ዞረች። ያን ያህል ረጅም አማርኛ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም፤ ብቻዋን ስትለማመደው እንደከረመች ያስታውቃል። «አባዬ፣ ደግነት ያንተ ስም ነው። ራስህ ነህ ያልከው። ሸጥከው፣ እሺ። ያንተ ነው። የኔ ስም ሳሌም ነው። እኔ ደግሞ ጨርሻለሁ።»

አስተዋዋቂው ጠራን። በመሐላችን ሆና፣ እኛን ደግፋ ይሁን በእኛ ተደግፋ እንጃ፣ ትንሽ እያነከሰች ወጣች። «ሳሌም!» አለ ድምፅ ማጉያው፤ አዳራሹ «ሳሌም! ሳሌም!» አለ። ብሩኪ ቆሟል፤ አላጨበጨበም። ስልኩን ካንድ እጁ ወደ ሌላው ያገላብጣል። ያ ሁሉ ቲሸርት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአንድ የኤርፖርት ሾፌር ስም ነው። ማን እንደሚገዛው እስቲ ያያል።

ወደ ወንበራችን ተመልሰን ጨዋታው ተጀመረ። ደግነት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሜዳውን ያያል። ሳሌም ኳስ በነካች ቁጥር ሰው ስሟን ይጠራል፤ እሱ ከልማዱ ሊነሳ ይልና መልሶ ይቀመጣል።

«ከጀርባዋ አወረደችኝ» አለ በመጨረሻ። «ይገባኛል። ግን አወረደችኝ።»

ብዙ የምለው ነበረኝ። በሆዴ ያከማቸሁት ነገር ቴክሳስ ድረስ ይደርሳል። ነገር ግን ትዝ አለኝ፤ የተወለደች ዕለት እኔ ቤተልሔም ልላት ፈልጌ ነበር፤ እሱ ግን እንቅልፍ ሲወስደኝ ጠብቆ የሆስፒታሉን ወረቀት ሞላው። ለስንት ጊዜ ነው ያኮረፍኩት!

«ሳሌም ብሎ ስም ያወጣላት ማነው?» አልኩት።

አሰበ። «እኔ ነኛ።»

«ታዲያ እሱንም ሽጥልኝ ቢልህስ ያ ልጅ?»

ሳሌም ከርቀት ወረወረች። ኳሱ ገባ፤ አዳራሹ ስሟን ጮኸ። ደግነት ዓይኑን ሳይነቅል በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠረገ።

«እሱንማ ሰጥቻታለሁ» አለ።